ከነፍሳት ስለጸዳው ጅረታችን

ለተከበሩ የውኃ ጥራት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ጤናዎ የእኛን ጅረት እንዳይመስል ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ከጅረቱ ዳር ባለው ትምህርት ቤት ሳይንስ የማስተምር ሰው ነኝ። ከቆዳ ፋብሪካው በታች ያለው ጅረት «ከማናቸውም ትልና ነፍሳት የጸዳ ሆኖ በመገኘቱ» የንጽሕና ምስክር ወረቀት መስጠትዎን ማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ አንብቤ አፌን ይዤ ቀረሁ። በዚህ መለኪያማ በረኪናን የሚስተካከል ንጹሕ ውኃ ከየት ይገኛል? ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. ተቆጣጣሪዎ ነጭ ጫማቸው እንዳይቆሽሽ ድልድዩ ላይ ቆመው ባልዲ በገመድ አወረዱ፤ ባልዲው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያጡ ፊታቸው በራ። ነፍሳቱ ከፋብሪካው በሚወጣው ፍሳሽ ሞተው እንዳለቁ ባስረዳቸው በትዕግሥት ሰምተውኝ ሲያበቁ «የኅብረተሰቡ ግንዛቤ ዝቅተኛ ነው» ብለው ጻፉ። ስለ ትሕትናቸው አመሰግናለሁ።

2ኛ. ድሮ ተማሪዎቼ አንድ ድንጋይ ሲገለብጡ ቀንድ አውጣው፣ ጥንዚዛው፣ ገና ክንፍ ያላወጣው የውኃ ነፍሳት ሁሉ ይርመሰመስ ነበር። እነሱ የረገፈ ቅጠል ይበላሉ፣ ዓሣው እነሱን ይበላል፣ ወፉ ደግሞ ዓሣውን። ዛሬ ድንጋዩ ሲገለበጥ የሚታየው የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጥቁር አተላ ነው። ዓሣውም ወፉም ስለሌለ ሁሉንም በጠመኔ ሥዬ አስተምራለሁ፤ የልጆቹ እግር እንዳይረጥብ ስላሰቡልን እናመሰግናለን።

3ኛ. ትንኝ ግን ምስክር ወረቀቱን አላየችም መሰለኝ፣ ዳር ዳሩን ባቆረው ውኃ እየተራባች ሌሊቱን ሙሉ ትበላናለች።

4ኛ. እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ስቄ ባሳልፈው ደስ ባለኝ። አሁን ግን ከፋብሪካው በላይ ወዳለው፣ ወደምንጠጣው ወደ ላይኛው ጅረት መጥተዋል። አንዲት ጎረቤታችን እንስራዋ ውስጥ ነፍሳት አግኝታ ብታመለክት፣ ጽሕፈት ቤትዎ «ላይኛውም እንደ ታችኛው ይጽዳ» ሲል ወሰነ፤ ሰኞ ጠዋት የተባይ ማጥፊያ መርጫ የተሸከሙ ሠራተኞች ይመጣሉ። ክቡር ሆይ፣ እነዚያ ነፍሳት እዚያ የሚኖሩት ውኃው ገና ደኅና ስለሆነ ነው። እነሱን የገደለ መርዝ ለእኛ ይራራል ያለዎት ማን ነው? የሁለት ዓመት ልጄ የምትጠጣው ከዚያ ነው። ፈርቻለሁ፤ ከፍርሃቴ ይልቅ ደግሞ ንዴቴ ይብሳል። ጎረቤታችን ውኃውን በነጠላ ጨርቅ አጥልላ ትጠጣለች፤ እርስዎ ብቻ እባክዎ እጅዎን ይሰብስቡልን።

ለማያውቁት ነገር ሳይቀር ምስክር ወረቀት ለመስጠት ለማይሰስተው ብዕርዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

የትምህርት ቤቱ የሳይንስ መምህር

ማሳሰቢያ፦ የጽሕፈት ቤትዎ ቧንቧ የሚጠለፈው ከዚሁ ከላይኛው ጅረት፣ ከመንደራችን ዝቅ ብሎ መሆኑን የነገረዎት ያለ አይመስለኝም። ቢሆንም አይስጉ፤ እኛ ከላይ ስለሆንን ቀድመን እንቀምስልዎታለን።