የዲቦራ የጥብቅና ፈቃድ

ለልጄ ለአዲሱ፤ ጋምቤላ

እንደምን ከርመሃል? እኔ ከወገቤ በቀር ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እዚህ ሚዛን ቡናው ቀልቷል፤ ለቃሚ ጠፍቷል።

ልጅህ ዲቦራ የጥብቅና ፈቃድ ለማውጣት አመልክታለች። ፈቃድ ሰጪው ኃላፊ «በሕግ ተቀጥተሽ ታውቂያለሽ?» ቢላት፣ «አዎ፤ ተማሪ ሳለሁ አንድ ቡና ገዢ በጥፊ መትቼ የቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ቀጥቶኛል» አለችው። ገዢው የእኔን የቡና ጆንያ ሲመዝን ክብደቱ እንዲያንስ ከሥር በጉልበቱ ደግፎ ነበር።

«አሁንም ትደባደቢያለሽ?» ብሎ ኃላፊው ሳቀባት።

«አሁንማ እከሳለሁ፤ ፈቃዱን የፈለግሁት ለዚሁ ነው» አለችው።

አንተ አስቀድመህ በስልክ ስለ ቅጣቱ «ማን ያውቃል? ዝም በይ» ብለሃት ነበር። እኔ ግን ያሳደግኋት ዝም እንድትል አይደለም፤ ኮርቼባታለሁ።

አብረዋት ያመለከቱት ባለፈው ሳምንት ተደውሎላቸው ፈቃዳቸውን ወስደዋል። ኔትወርኩን ታውቀዋለህ፤ ለእሷም ተደውሎ ሳይደርሳት ቀርቶ ይሆናል። የችሎት ካባዋን እኔው ሰፍቻለሁ። ጠርዙ ስላልተስተካከለልኝ ትናንትም ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት፤ ዛሬም ሳየው አልወደድኩትም።

ስትደውልላት ስለ ፈቃዱ አትጠይቃት፤ ስለ ዝናቡ ጠይቃት።

ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ። የጌታ ሰላም ከደጃችሁ አይራቅ።

እናትህ ንጋቷ