ለሐኪሟ የምነግራት ደስታ

ሰቆጣ፣ ኅዳር 12 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለሸምሱ ኢብራሂም፣ አሰብ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ? የአሰብ ሙቀትስ እንዴት አድርጎሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እስከ ዛሬ አባባ እየነገሩኝ ነበር የምጽፍልህ። ዛሬ ግን ብቻዬን ስለሆንኩ ከየት እንደምጀምር እንኳ አላውቅም፤ ብሳሳት አትሳቅብኝ።

የምሥራች ልንገርህ። እናታችን ዓይኗ በራ! «የዓይን ሞራ በሐኪም ይገፈፋል፣ ውሰዷት» እያልክ በየደብዳቤው ባትጨቀጭቀን ኖሮ አባባ «አላህ ያመጣው ነው» ብለው ዝም ባሉ ነበር። አንዲት ፈረንጅ የዓይን ሐኪም ጤና ጣቢያችን መጥታ ሞራውን አወጣችላት፤ ወፍራም መነጽርም ሰጠቻት። ሁለት ዓመት ሙሉ እጇን ይዘን የመራናት እናታችን ዛሬ ብቻዋን ጎረቤት ደርሳ መጣች። አላህ ይስጥልን ወንድሜ፣ ውለታህን አንረሳም።

አሁን የጨነቀኝን ስማ። ሐኪሟ ነገ ለመጨረሻ ጊዜ አይታት ወደ ኮረም ትሄዳለች። እናታችን ደግሞ «ምስጋናዬን በራሷ ቋንቋ፣ በልጄ አፍ ትስማ» ብላለች። ስምንተኛ ክፍል የደረስኩት እኔ ብቻ ነኛ! ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ እንኳ ድምፄ እንደሚጠፋ ታውቃለህ። እንግሊዝኛ የሚያስተምሩንን ጓድ ምትኩን ከልክ ያለፈ ደስታ እንዴት እንደሚባል ብጠይቃቸው፣ ፈረንጆች «ከጨረቃ በላይ ነኝ»፣ «ዘጠነኛው ደመና ላይ ነኝ»፣ «ሰባተኛው ሰማይ ላይ ነኝ» ይላሉ ብለው በእንግሊዝኛ ጻፉልኝ። እኔ የማውቀውን «ቬሪ ሃፒ» ግን «የሕፃን ነው» አሉኝ።

ቤት ወስጄ ትርጉሙን ሳነብላቸው ጉድ ፈላ። አባባ ሰባተኛውን ሰማይ ሲሰሙ መቁጠሪያቸውን አስቀምጠው «አስተግፊሩላህ! እዚያ የደረሱት ነቢዩ ናቸው፤ እናትሽ ምን ቤት ናት?» አሉ። ጎረቤታችን እትዬ ይታየሽ ደግሞ «ደመናው ላይስ አትውጡብን፣ ዝናቡ ዘንድሮም በቅጡ አልወረደ» ብለው ሳቁብኝ። ጨረቃዋ ቀረችልኝ ብዬ ጓዳ ገብቼ ደጋግሜ አልኳት፤ አፌ ላይ ግን የሰው ልብስ የለበስኩ ያህል ሆነችብኝ።

በመጨረሻ እናታችንን የቱ ይሻልሻል አልኳት። «ልጄ፣ እኔ የትም አልወጣሁም» አለችኝ። «እዚሁ ቁጭ ብዬ ዛሬ ምስሬን ራሴ ለቀምኩ። ሁለት ዓመት ሰው ሲለቅምልኝ እያፈርኩ ነው የበላሁት። ይህንን ንገሪያት።» ከዚያ መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። እኔም የጓድ ምትኩን ወረቀት አጠፍኩት።

አባባ በጣም ሰላም ብለውሃል፤ ዱዓቸው አይለይህ። እናታችን «ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይላክልኝ፣ ፊቱን ልየው» ብላሃለች። ትንሿ እህታችን ሐሊሜም እትዬ ይታየሽም ናፍቀውሃል።

ጓድ ምትኩ እኔ እናገርልሻለሁ ብለውኝ ነበር፤ አይሆንም እላቸዋለሁ። ጠጠር በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ ምስርን ግን አላውቀውም። ስለዚህ ነገ ከነጠጠሩ አንድ እፍኝ ምስር በመሐረብ ቋጥሬ እሄዳለሁ። ሐኪሟ ፊት እፈታውና እናቴ እየለቀመች ታሳያታለች፤ እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ቬሪ ሃፒ እላታለሁ።

እህትህ ፋጤ