ከአራተኛው ገጽ በኋላ

ሐሙስ፣ መጋቢት 14

ለልጄ ለሚጡዬ፣

እንዴት ከርመሻል? እናትሽ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ደረጃ አልወጣም ብሏታል። እኔ ጡረታ ወጣሁ። ባለፈው ሳምንት ቢሮዬን ሳስረክብ ከታችኛው መሳቢያ የመመረቂያ ጽሑፍሽ ወጣ። ቁልፍ ተቀባዩ ሰውዬ ቆሞ እያሳለ፣ እኔ አነብ ነበር።

የዛሬ አስራ አንድ ዓመት መምህራኑ ፊት፣ ቁጥርን አኃዝ በአኃዝ እያነበበች አዎ ወይም አይ ስለምትል የሐሳብ ማሽን ያስረዳሽው ትዝ ይልሻል? "ማሽኗ የምትቆምባቸው ጥቂት ቦታዎች ብቻ አሏት፤ የመጣችበትን አታስታውስም፤ አሁን የት እንደቆመች ብቻ ታውቃለች" አልሽ። አንድ ቁጥር ለሰባት እኩል መካፈሉን በሰባት ክብና በቀስቶች አሳየሽን። ቀጥለሽ፣ ሁለትን በራሱ እያባዛን የምናገኛቸው ቁጥሮች፣ እነ አራት፣ ስምንት፣ አስራ ስድስት፣ በዜሮና በአንድ ብቻ ሲጻፉ ከአንድ ቀጥሎ ዜሮ ብቻ ስለሚደረደር ማሽኗ ትለያቸዋለች፤ በተለመዱት አስር አኃዞች ሲጻፉ ግን የሚለያቸው እንዲህ ያለ ማሽን ከቶ አይገኝም አልሽ።

እኔ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ "ቁጥር ቁጥር ነው! ልብሱን ስለቀየረ ሌላ ሰው ይሆናል እንዴ?" ብዬ አሳቅሁብሽ።

"አባዬ፣ ማረጋገጫው ገጽ አስራ አንድ ላይ አለ።"

በሰው ፊት አባዬ ማለትሽ አናደደኝ። ለልጁ አደላ እንዳልባል ፈርቼ ጣልኩሽ። በሳምንቱ ሻንጣሽን ይዘሽ ሄድሽ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ያነበብኩት እስከ አራተኛው ገጽ ነበር።

አሁን ገጽ አስራ አንድን ሦስት ቀን በእርሳስ ሠራሁት። እንከን አጣሁለት። ማሽኗ የምታየው አጻጻፉን እንጂ ቁጥሩን አይደለም። ይህ እኮ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪም የሚገባው ነገር ነው።

ትናንት አዲሷ ኃላፊ ዘንድ ሄድኩ፤ ያቺ አብራሽ የተማረችው፣ ሳቋ ኮሪደር የሚሞላው። አልሳቀችም። "ጋሼ፣ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ውጤት አይቀየርም" አለችኝ።

"ውጤቱ ይቅር። ስህተቱ የኔ እንደነበር ግን ፋይሏ ውስጥ ይግባ።"

ጽፌ ፈረምኩ። ግልባጩን ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ።

ልብስ ፋብሪካ ጨርቅ እንደምትቆርጪ እናትሽ ነግራኛለች። ሥራሽን አልንቅም፤ የሚያመኝ የመረጥኩልሽ እኔ መሆኔ ነው። እሁድ እሁድ ስትደውዪላት ሬዲዮኑን ቀንሼ እሰማለሁ። ስለኔ ጠይቀሽ አታውቂም፤ አልፈርድብሽም።

እጅሽ አይዛል፤ ደጅሽ ሰላም ይሁን። የፊታችን እሁድ ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። "ለእማዬ ስጣት" ካልሽኝ እሰጣታለሁ። ድምፄን ሰምተሽ አትዝጊው ብቻ።

አባትሽ