ለመስታወቱ የተነበበው ዜና

ጋሼ፣

ሥራ ሄጃለሁ። ሻይ ፔርሙዙ ውስጥ አለልህ።

ቴሌቪዥን ጣቢያው ካሰናበተህ ወዲህ፣ ጠዋት ጢምህን ስትላጭ ለመስታወቱ ዜና እንደምታነብ አውቃለሁ። ትናንት በበሩ ክፍተት በስልኬ ቀረጽኩህና ገጼ ላይ ለቀቅኩት። እስካሁን ሦስት መቶ ሺህ ሰው አይቶታል። ጣቢያው ራሱ ይህን ያህል ተመልካች ነበረው ብለህ ነው?

ብዙዎቹ "ነገም ያነባሉ?" ይላሉ። ጥቂቶቹ ትከሻህ ላይ ጣል ያደረግከውን ፎጣ ከየት እንደገዛኸው ጠይቀዋል።

"ሳታስፈቅደኝ?" እንደምትለኝ አውቃለሁ። ልክ ነህ። ፊት ለፊት መንገሩን ፈርቼ ነው የጻፍኩልህ።

አጥፋው ካልከኝ ማታ አጠፋዋለሁ። ካላልከኝ ግን ስልኬን መስታወቱ ሥር ትቼልሃለሁ። ቀዩን ክብ ስትነካው መቅረጽ ይጀምራል።

ነጩን ሸሚዝህን ተኩሼ በሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሌላ ምክንያት የለውም።

ታናሽህ