ነጎድጓድን ያጠበው ቧንቧ

ሃርሎ ፎልስ፣ ኒው ዮርክ
ሜይ 9 ቀን 1870

ውድ አልቫ፣

ከግርጌው የእኔን ስም ስታይ ይህን ደብዳቤ ሳታነበው ምድጃ ውስጥ እንዳትጨምረው። እስከ መጨረሻው ታገሠኝና ከዚያ በኋላ እንደ ፈቀድህ አድርገው፤ የእሳትን ነገር እንደ ሆነ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቅበታለህ።

ከተማችን ለውሃ ሥራው ስድስተኛ ዓመት በዓል ጠርታህ የመለስኸውን ወረቀት ጸሐፊው በስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ አነበበው። «ሥራዬን ወዳችሁታል፤ የእሳት አደጋ ማኅበሩ ሰዎች ግን እኔን አይወዱኝም። ስሄድ አንድም ሰው ሊሸኘኝ ያልመጣበት ከተማ ተመልሼ ብመጣ ምን ይፈይዳል?» ትላለህ። እናትህ ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጠው ነበር። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ዓይንህን አላዩም። አንተን ያራቅንህ እኛ ነን፣ ከእኛም ደግሞ ዋናው እኔ ነኝ። ስለዚህ አንተን ወደ ቤትህ መመለስ የእኔ ሥራ ሆነ።

ለቀባሪው አረዱት እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ ያን ጊዜ ሃይማኖታችን ምን እንደ ነበር ላስታውስህ። እሳቱ ከቦዩ ሲርቅ አንዱ ማኅበር በእጅ ፓምፑ ከቦዩ ይስብና በቆዳ ቱቦ ወደ ሌላው ማኅበር ፓምፕ ገንዳ ይገፋል። ሁለተኛው ደግሞ ከገንዳው ወደ እሳቱ ይረጫል። ሰጪው በርትቶ የተቀባዩ ገንዳ ሞልቶ ከፈሰሰ ያ ማኅበር «ታጠበ» ይባላል። የታጠበ ማኅበር ወየውለት! ሕፃናት ሳይቀሩ በየመንገዱ ሳሙና ያሳዩታል። የእኛ ፓምፕ፣ ነጎድጓድ ቁጥር ሁለት፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ታጥባ አታውቅም ነበር።

ታዲያ አንተ መጣህና በቦዩ ፏፏቴ የሚዞር ትልቅ ፓምፕ ሠራህ፤ ከመሬት በታች ቧንቧ ዘርግተህ በአደባባዩ ማዕዘን ላይ ወገብ የሚደርስ ውሃ ማውጫ ብረት ተከልህ። ከተማዋ ይህን በየመንገዱ ታስተክል እንደ ሆነ በድምፅ ልትወስን ሦስት ቀን ሲቀራት እኔ የማኅበሩ አለቃ በሕዝብ ፊት ተነሥቼ፣ «ይህ ጉቶ ነጎድጓድን ካጠባት እኔ ወንድ አይደለሁም!» አልሁ።

አንተ የውሃውን መክፈቻ ቁልፍህን ይዘህ ቀይ ሸሚዜን ከላይ እስከ ታች አየህና፣ «ኦሪን፣ አዲስ ነው እንዴ? ብትቀይረው ይሻል ነበር» አልህ።

«ይልቅ አንተ መደበቂያህን ፈልግ!»

በርሜል ሠሪው ባርነባስ ክሮል ከፓምፑ እጀታ ሆኖ፣ «ተወው አለቃ! ከዚህ ጉቶ ምራቅ እንኳ አይወጣም!» ሲል አደባባዩ በሣቅ ተናጋ።

ቱቦህን ገንዳችን ውስጥ አስገባህና ቁልፉን ሩብ ያህል ዞር አደረግኸው። ከግራም ከቀኝም ሰዎቼ እጀታውን ይዘው ከፍ ዝቅ ማለት ጀመሩ፤ እኔም ፓምፑ ላይ ወጥቼ ድምፅ በሚያጎላው የነሐስ መለከቴ «ምቱ! ምቱ!» እላለሁ። ውሃው ወደ ሰማይ ይወረወራል፣ ገንዳውም ይጎድላል። ሕዝቡ አጨበጨበልን። አንተ ግማሽ አዞርኸው። ባርነባስ ላቡ እየተንጠፈጠፈ «በላችው! ነጎድጓድ ጠጣችው!» ይላል። ከዚያ ሙሉውን አዞርኸው። ውሃው ከገንዳው አፍ ደረሰ፣ አለፈ፣ ጫማዬ ውስጥ ገባ። «ምቱ!» ልል አፌን ስከፍት ተንሸራትቼ ገንዳው ውስጥ በቂጤ ተቀመጥሁ። መለከቱ እንኳ ከአፌ አልወጣም ነበር። ከተማው ሁሉ መሬት ላይ እየተንከባለለ ሣቀ፤ ሉሲንዳ፣ የገዛ ሚስቴ፣ ወገቧን ይዛ ሣቀች።

አንተ ግን አልሣቅህም። ቁልፉን ዘጋህ፣ እጄን ይዘህ አወጣኸኝ፣ ባርኔጣህን አንሥተህ «በርትታችኋል» አልህ። እሱ ነው ያንገበገበኝ። ብትሥቅ ኖሮ አንድ ጊዜ በጡጫ ብዬህ ይወጣልኝ ነበር።

እቤት ገብቼ ስነጫነጭ ሉሲንዳ ሸሚዜን እየጨመቀች፣ «ለመሆኑ እሳት ሲነሣ የምትሮጠው እሳቱን ለማጥፋት ነው ወይስ ላለመታጠብ?» አለችኝ።

«ይህ ደግሞ ምን ማለት ነው?»

«ምን ማለት እንደ ሆነማ ታውቃለህ።»

አዎ፣ አውቅ ነበር። የእናትህን ቤት ማለቷ ነው። አልቫ፣ ይህን በአፌ ተናግሬው አላውቅም። በእናትህ ቤት እሳት የተነሣ ቀን እኛና የቁጥር ሦስት ማኅበር እኩል ቦዩ ዳር ደረስን። ሁላችንም ሰጪ መሆን ፈለግን፤ ተቀባይ ሆኖ መታጠብን ሁላችንም ፈራን። «እናንተ ወደ ቤቱ ሂዱ!» «ለምን ተብሎ? እናንተ ሂዱ!» እየተባባልን ግብግብ ስንገጥም ቤቱ ከጣራው እስከ መሠረቱ ነደደ። እናትህ አንዲት ትራስ ታቅፈው መንገድ ዳር ቆመው ያዩናል። አንተ ከመሥሪያ ቦታህ እየሮጥህ መጣህ፣ የተጠቀለለውን ደረቅ ቱቦአችንን አየህ። በማግስቱ የዚህን ቧንቧ ሥዕል መንደፍ እንደ ጀመርህ ሰማሁ።

በዚያ ሁሉ ክርክር፣ በዚያ ሁሉ ስብሰባ «እነዚህ ሰዎች ሲጣሉ የእናቴ ቤት ነደደ» ልትል ጠብቄህ ነበር። አንዲት ቃል ብትናገር ከተማው ሁሉ ከጎንህ በቆመ። አንተ ግን ስለ ቧንቧ ውፍረትና ስለ ውሃ ግፊት ብቻ ተናግረህ ተቀመጥህ። አፈርሁ፣ አልቫ። ያፈርሁት በመታጠቤ አይደለም።

እናም የምናዘዝልህ ይህ ነው። በመታጠባችን ማግስት የማኅበሩ ሰዎች አርባችንም በነጎድጓድ እጀታ ላይ እጃችንን ጭነን ልንቃወምህ ማልን። የምርጫው ቀን «እቃወማለሁ» የሚለውን ወረቀት ለባርነባስ አሳይቼ ገባሁ፤ ሳጥኑ ጋ ስደርስ ግን ከእጅጌዬ ያወጣሁትን «እደግፋለሁ» ጨመርሁ። በሠላሳ አንድ ድምፅ ብልጫ አሸነፍህ። ማኅበሩ በንዴት ጦፈ። «ከመካከላችን ከሐዲ አለ!» ብሎ ጠረጴዛ የደበደበው ማን ይመስልሃል? እኔው ነኝ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ! ስትሄድ ባቡር ጣቢያ ያልመጣሁትም ለዚህ ነው። አንተን ስሸኝ ካዩኝ ይነቁብኛል ብዬ ፈራሁ።

ወረቀትህ ከተነበበ በኋላ ግን ሆዴ አልችል አለ። ባለፈው ቅዳሜ በማኅበሩ ዓመታዊ ምሳ ላይ፣ ኦይስተር የሚባለው የባሕር ዛጎል ሾርባ ገና ሳይነካ፣ ብድግ አልሁ። «ወንድሞች፣ የስድስት ዓመቱ ከሐዲ እኔ ነኝ» አልኋቸው።

ማንኪያ ሁሉ በያለበት ቆመ። ወንበር ሊወረወርብኝ ነው ስል ጫማ ሠሪው ፊሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔም» አለ።

«አንተም ምን?»

«እኔም ድምፄን ሰጥቼዋለሁ።»

ከወዲያኛው ጥግ ሌላው፣ «እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ!» አለ። ከዚያማ ምን ልንገርህ፣ ግድቡ ተሰበረ። «እኔም!» «እኔም!» ከወንበር ላይ የሚነሣው በዛ። ባርነባስ ብቻ ፊቱን ሾርባው ላይ ደፍቶ ቀረ። በከሐዲ ፍለጋው የገዛ አማቹን ስድስት ዓመት ያኮረፈ ሰው ነው።

«ባርነባስ፣ አንተስ?»

«እኔ ምን?»

«ሰውዬ፣ ተናገር!»

«እሺ፣ እኔም!» ብሎ ጮኸ። «ምን ላድርግ? ሴትየዋ ትራሷን ታቅፋ ቆማ ስታየን አሁንም ዓይኔ ላይ ነች!»

ያን ጊዜ የተሣቀውን ሣቅ፣ የተለቀሰውንም ለቅሶ ባየህ። ሁላችንም ያንኑ ትራስ ተሸክመን ነው ለካ የኖርነው። በመጨረሻ ጆሮው የማይሰማው ሽማግሌው ጄቤዝ በኩራት ተነሥቶ፣ «መሐላዬን የጠበቅሁት እኔ ብቻ ነኝ!» አለ። ጥቂት አሰበና፣ «ግን ስለ ምን ነበር የማልነው?» ብሎ ጠየቀን። ሠላሳ ዘጠኛችን ለአንተ፣ ጄቤዝ ብቻ ለመሐላው! ቃላችንን ጠብቀን ቢሆን ኖሮ በአርባ ሰባት ድምፅ ልዩነት ትወድቅ ነበር።

ምሳችንን ትተን በሰልፍ እናትህ አሁን ወደሚኖሩበት ቤት ሄድን። እጃቸው እስከ ክርናቸው ዱቄት ሆኖ በሩን ከፈቱ። እኔ ባርኔጣዬን እያሸሁ ስንተባተብ ጥቂት ሰሙኝና አቋረጡኝ።

«እናንተ ልጆች!» አሉን፤ ከመካከላችን ግማሹ አያት ነው። «ይቅርታ ካላችሁኝማ ይቅር ብያለሁ። እሱን ድሮ ጨርሼዋለሁ። ቤቱ እንጨት ነበር፣ ነደደ፣ አለቀ። ልጄ ግን እንጨት አይደለም። ይቅርታችሁን ይዛችሁ ሂዱና ልጄን አምጡልኝ!»

ይኸው ታዘዝን። ለነጻነት ቀን እንጠብቅሃለን። ከባቡሩ ስትወርድ አርባችንም ቀይ ሸሚዝ ለብሰን ጣቢያው ላይ እንቆማለን፤ በዚህ ስድስት ዓመት እሳት ተነሥቶባቸው አንድም ቤት ሳይወድም በቧንቧህ የተረፉት ሰዎችም ከኋላችን። ካልመጣህ ደግሞ ነጎድጓድን ጀልባ ላይ ጭነን፣ እናትህን ከላይዋ አስቀምጠን፣ አንተ እስካለህበት ሚሺጋን ድረስ እንመጣብሃለን። ቀልድ እንዳይመስልህ፤ እናትህ የሚደፉትን ባርኔጣ መርጠዋል።

ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ዛሬ ጠዋት አነበብሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣ «ኦሪን፣ ምን ያስለፈልፍሃል? ልጄ ሥራ የሚበዛበት ሰው ነው። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር» አሉኝ። ቀጥሎም ብዕሩን ከእጄ ወሰዱ። ከዚህ በታች ያለው የተንቀጠቀጠው ጽሕፈት የእርሳቸው ነው።

ና።

ከአርባው አንዱ፣
ኦሪን ፔካም