የመጀመሪያውን ቅጂ ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ልጄ፣
ሳሎን ያለውን፣ የኮምፒውተሬ ፋይሎች ቅጂ የሚቀመጥበትን ሳጥን እንዳታበራው! ገመዱን ነቅዬዋለሁ።

ጠዋት ኮምፒውተሬ አልነሳም አለኝ። ታቅፌው ወደ ጥገና ቤት እየሮጥኩ ነው።

«አክስቴ፣ በኔትወርኩ በየማታው ወደ ሳጥኑ የሚገለበጠው አዲስ የተጨመረው ብቻ ነው» ብለኸኝ የለ? ትናንት ሳጥኑ ሞላሁ ሲል፣ አሮጌው ምን ይሠራል ብዬ የመጀመሪያውን፣ ትልቁን ቅጂ አጠፋሁት። የተቀዳው የአባትህ ድምፅ ያለው እዚያና ኮምፒውተሬ ላይ ብቻ ነበር። አሮጌው ከሌለ አዲሱ ብቻውን እንደማይበቃ ማን ነገረኝ? ያንተ ጥፋት ነው አላልኩም።

ሳጥኑ በርቶ ሌላ ነገር ካልተጻፈበት የጠፋው ይመለስ ይሆናል ይላሉ። እባክህ ዲስኩን ከሳጥኑ አውጥተህ ሞክርልኝ።

ምሳህ ምድጃው ላይ ነው። መጀመሪያ ብላ።

ስመለስ እንደፈለግክ ተቆጣኝ፣ አልቀየምህም። ብቻ የወንድሜ ድምፅ ጠፍቷል እንዳትለኝ።

አክስትህ