ሃያ አራተኛው ኮት

ጅቡቲ፣ ሰኔ 20

ውድ እህቴ፣

ደህና መሆንሽን ከጽሑፍሽ አየሁ፤ እጅሽ እንደ አምናው አይንቀጠቀጥም። እኛም ካምሲን ከሚሉት ትኩስ የበረሃ ነፋስ በቀር የሚያስቸግረን የለም። ልጅሽ ፅዮናዊት ራስ ዲካ በሚሉት የባሕር ዳርቻ ስትውል ጠቆረች እንጂ ጤነኛ ናት።

«እዚህ ወታደሮቹ ያለ አንድ ጥይት ሥልጣን አስረከቡ፣ የተመረጡት ገቡ፤ ልጄን ስደድልኝ» ብለሽ ስትጽፊ ይህ ሦስተኛሽ ነው። አውሮፕላኑ ሞልቷል ያልኩሽ ውሸት ነበር። ወታደሮቹን አላመንኳቸውም።

ከምርጫው ሦስት ወር በፊት ነቢል የሚባል ደላላ ምኒልክ አደባባይ ወዳለው የልብስ ስፌት ሱቄ መጥቶ ለባልሽ አገር መኮንኖች ሃያ አራት ሙሉ ልብስ አዘዘ። «ጄኔራሎቹ እንደኛ ተራ ሰው ሊሆኑ ነው» ብሎ ሳቀ። ወረቀቱ ላይ ስም የለም፤ ቁጥርና ልክ ብቻ። ከታች ግን «ሁሉም ኮት በግራ ብብት ሥር ሦስት ጣት ይስፋ» ይላል። ሽጉጥ የሚታጠቅ ሰው ኮት እንዲህ ነው የሚሰፋው። ያን ቀን ማስታወሻዬ ላይ «ልብስ ቀየሩ እንጂ አልወረዱም» ብዬ ጻፍኩ።

ባለፈው ሳምንት ነቢል ኮቶቹን ይዞ ተመለሰ። ብብታቸው ይጥበብ አለኝ። ሰዎቹ ሽጉጣቸውን አስረክበው ኮቱ በግራ በኩል ተንጠልጥሎባቸዋል። አንዱንማ ሚስቱ «ግራ ጎንህ ብቻ ከሳ እንዴ?» ብላዋለች። ልብስ ሰፊዬ ዓለምሰገድ በሳቅ ሞተ። እኔ ኮቶቹን ቆጠርኩ። ሃያ ሦስት ናቸው።

የቀረው ቁጥር ዘጠኝ ነው፤ ብብቱ ይጥበብልኝ ያላለ እሱ ብቻ ነው። ወረቀቱን አውጥቼ ልኩን አየሁ፤ ቀኝ ትከሻው ከግራው አንድ ጣት ዝቅ ይላል። እንዲህ ያለ ትከሻ በዕድሜዬ የለካሁት አንዴ ነው፤ ለሠርግሽ፣ ሙሽራውን።

አምና ወታደሮቹ ፅዮናዊትን ፍለጋ ቤትሽ ሲመጡ፣ ሰልፍ መውጣቷን ከቤት ሰው በቀር የሚያውቅ እንዳልነበረ ጽፈሽልኝ ነበር። ማን እንደነገራቸው አልጠየቅኩሽም። አሁንም አልጠይቅሽም።

አገሩን አምኛለሁ፤ የቀረኝ ቤትሽ ነው። ትኬቷንም ቆርጫለሁ፤ የጉዞው ቀን ግን ክፍት ነው። አንቺ ያንን ኮት ላኪልኝ፤ ብብቱን እኔው ራሴ ላጥብበው። በደረሰኝ ማግስት ልጅሽ ትሳፈራለች።

እመቤታችን ከደጅሽ አትራቅ። የቤትሽን ሰው ሁሉ ትጠብቅልሽ፤ አንቺን ግን አስቀድማ።

ታላቅ ወንድምሽ